«አየሁ» የማለት ኃላፊነት

«ማየት ማመን ነው» እየተባልን አድገናል፡፡ ከሩቅ አገር የተመለሰ መንገደኛ ጎረቤቶቹን በዙሪያው የሚሰበስበው፣ «በዓይኔ አየሁ» ብሎ ስለሚነግራቸው ነው፡፡ ዛሬ ግን ከቤቱ ሳይወጣና እግሩን አቧራ ሳይነካው የጉዞ ቪዲዮ ማዘጋጀት ለሚፈልግ ሰው መሣሪያው ተገኝቶለታል፡፡ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የቀረበው «ሶራ» የተጻፈለትን ቃል ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለወጠ፤ በ2025 የወጣው የጉግል «ቬኦ 3» ደግሞ የውኃውን ድምፅና የሰውን ንግግር ጨመረበት፡፡ እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ባልተሄደ መንገድ የተሠራ የጉዞ ቪዲዮ ጥበብ ነውን ወይስ የሐሰት ምስክርነት?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው፡፡ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እናስብ፡፡ መሣሪያው ፏፏቴውን አላየውም፤ ከተማረባቸው እጅግ ብዙ ሥዕሎች ተነሥቶ ሊመስል የሚገባውን ያቀናብራል እንጂ፡፡ ስለዚህ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የሚወርድ ውኃና ቀስተ ደመና ቢሰጠን አያስገርምም፡፡ በበጋ ወራት ወደ ስፍራው የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፡፡ ከጣና የሚወጣው ውኃ በከፊል ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚውል፣ በገደሉ ላይ የሚወርደው ቀጭን ሆኖ ይታያል፡፡ መንገደኛው ቅር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን የቀጠነው ውኃ ቁም ነገር ይነግረዋል፡፡ በቤቱ የሚበራው መብራት በሌላ ስፍራ ምን እንዳስከፈለ ያስተውላል፤ በጀልባ ያሻገረውን ሰው ስለ ኑሮው ይጠይቃል፡፡ ያማረው የመሣሪያ ሥዕል ይህን ሁሉ ይሰርዘዋል፡፡

ስለዚሁ ወንዝ ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል፡፡ ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 የዓባይን ምንጭ በግሽ ዓባይ አይቶ ያየውን ጻፈ፡፡ በ1770 እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደዚያው ስፍራ ደርሶ የቀዳሚነቱን ክብር ለራሱ አደረገ፤ የፓኤዝንም ምስክርነት ተጠራጠረ፡፡ የአገሬው ሰው ግን ምንጩን ከሁለቱም በፊት ያውቀው ነበር፡፡ እነዚህ ሰዎች ቢከራከሩም፣ በክርክሩ ውስጥ «ማን ቆመ? መቼ ቆመ? ምን አየ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከቃሉ በስተጀርባ ኃላፊነት ያለበት ሰው አለና፡፡ በመሣሪያ ለተሠራው ጉዞ ግን ምስክሩ ይቅረብ ብንል የምንጠራው ሰው የለም፡፡

«ሠዓሊስ ያላየውን ይሥል የለምን? ፊልም ሠሪስ ቆርጦ ይቀጥል የለምን?» የሚሉን ይኖራሉ፡፡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሠዓሊው ሥዕሉን ሥዕል ብሎ ያቀርበዋል፤ ፊልም ሠሪውም የሚመርጠው በስፍራው ከነበረው ነው፡፡ በደሉ የሚጀምረው ተመልካቹ «ሰውዬው በእርግጥ አይቶታል» ብሎ በሚያምንበት ቦታ ያልታየውን ስናስገባ ነው፡፡ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ስምንተኛው ትእዛዝ ለአንደበት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሥዕልም ይመሰክራል፡፡ በ2023 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ነጭ የብርድ ካፖርት የለበሱ መስለው የታዩበት በመሣሪያ የተሠራ ምስል ስንቱን እንዳሳሳተ እናስታውሳለን፡፡ እርሳቸውም በ2025 ከማረፋቸው በፊት፣ የ2024ን የማኅበራዊ መገናኛ ቀን መልእክታቸውን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ልብ ጥበብ አድርገውት ነበር፡፡

የሐሰቱም ጉዳት በባልንጀራችን ላይ ያርፋል፡፡ በቪዲዮው አምኖ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለጉዞ የሚያወጣ ቤተሰብ አለ፡፡ ጸጥታ በታወከበት ወቅት መንገዱን ክፍትና ሰላማዊ አስመስሎ ማሳየትም በሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ይሆናል፡፡

ይህን ስንል መሣሪያውን እንጣለው ማለታችን አይደለም፡፡ ራሳችን የቀረጽነውን ለማሰናዳት፣ የነፋሱን ጫጫታ ከድምፁ ለመቀነስ፣ ንግግሩን ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ፣ የጉዞውን መሥመር በካርታ ላይ ለማሳየት ቢረዳን መልካም ነው፡፡ ከአልጋ መነሣት ለማይችሉ እናት የሚመኙትን ስፍራ በሥዕል ማቅረብም የፍቅር ሥራ ሊሆን ይችላል፤ «እማማ፣ ይህ በመሣሪያ የተሠራ ነው» ብለን እስከነገርናቸው ድረስ፡፡ አንዳንድ ድርጅቶች በዓይን የማይታይ ምልክት በሥዕሉ ውስጥ ይሠውራሉ፤ የተሠወረ ምልክት ግን የእኛን ግልጽ ቃል አይተካም፡፡

ስለዚህ ወጣቶቻችን የጉዞ ቪዲዮ ሠርተው ሲያሳዩን፣ ወላጆችም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ከመገሠጽ አስቀድመን በፍቅር «ይህን ስታይ የት ቆመህ ነበር?» ብለን እንጠይቅ፡፡ መልስ ያለው፣ ውኃው ቀጭን፣ ሥዕሉም የሚንቀጠቀጥ ቢሆን፣ በእውነት አንድ ነገር አምጥቶልናል፡፡ መልስ የሌለውን ደግሞ አናሳፍረው፤ መንገዱን አሳይተን፣ ቢቻል አብረነው እንሂድ፡፡