ለፋይናንስ ትምህርት አመልካቾች

ልጆቼ ሆይ፥ በባሕር ዳሩ ፔዳ ግቢ የሒሳብ አያያዝና ፋይናንስ ትምህርታችሁን ፈጽማችሁ፥ ማታ ማታ በፋሲሎ ቡና ቤቶች ስለ ሁለተኛው መዓርግ የምትመክሩ ወጣቶች፥ ከአፋችሁ የማይለየው «ይቀበሉኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የተገባ ሆኖ ሳለ የምታቀርቡለት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያልተገባ ነው፤ ትራንስክሪፕታችሁን ያላየ ባልንጀራ «አይዞህ፥ ትገባለህ» ቢል ፍቅሩን ገለጠ እንጂ ፍርድ አልሰጠም።

በጎጃም ቅኔ ቤት «መወድስ ደርሻለሁ» ብሎ የመጣን ደቀ መዝሙር መምህሩ በቃሉ ብቻ አያስቀምጡትም፤ ቆጥሮ የመጣውን ሲነግር ሰምተው፥ ገና ጉባኤ ቃና ላይ ከሆነ ከዚያው ያስጀምሩታል። የዩኒቨርሲቲ መርማሪዎችም ሥራ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለምና፥ ራሳችሁን አስቀድማችሁ በእነርሱ ዓይን መርምሩ።

ከ4.00 የሚቆጠረው አማካይ ውጤት የመጀመሪያውን በር ቢያስከፍትም፥ መርማሪው ከዚያ ወርዶ የሚያየው ሒሳብን፥ ስታቲስቲክስንና ኢኮኖሜትሪክስን ነው፤ ስለዚህ በእኔ ግምት በእነዚህ የበረታ የ3.4 ባለቤት፥ በእነዚሁ ደክሞ በቀላል ኮርሶች 3.7 ከሞላው ይልቅ ተስፋው የጸና ነው። በአገር ቤት የሚማረውን የመግቢያ ፈተናው ይጠብቀዋል። ወደ ውጭ የሚያስብ ግን፥ ውጤቱ ከ130 እስከ 170 በሚሰጠው በጂ.አር.ኢ. የቁጥር ክፍል፥ አዘጋጁ ድርጅት በነፃ ባቀረበው መለማመጃ፥ ሰዓት ይዞ ራሱን ይፈትን፤ ያን ጊዜ የሚያገኘው ቁጥር ከብዙ ወዳጆች ቃል ይልቅ የታመነ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ግን እዚህ ላይ አይደለም፤ ተቀባይነት ማግኘትና መሄድ መቻል ልዩ ልዩ መሆናቸውን ባለማስተዋል ነው። በአሜሪካ የፋይናንስ ማስትሬት በአብዛኛው በተማሪው ኪስ የሚቆም ሲሆን፥ ለቪዛውም የገንዘቡን ምንጭ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ዶክትሬቱ ግን፥ ወንበሩ እጅግ ጥቂት ይሁን እንጂ፥ ብዙውን ጊዜ ክፍያውን ምሮ መተዳደሪያም ይሰጣል። የእንግሊዝ መንግሥት የቼቭኒንግ ነፃ የትምህርት ዕድል 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይሻልና፥ ትናንት የተመረቀና ሥራ ያልቀመሰ ወጣት ምንም ሊቅ ቢሆን ለጊዜው በሩ ዝግ ነው፤ ያው ልጅ በዓባይ ባንክ ወይም በፀደይ ባንክ ሁለት ዓመት ያህል አገልግሎ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ይቀርባል። እንዲያውም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ገንዘብ ከባንክ ብድር ውጭም የሚፈለግበት መንገድ ስላለ፥ «ስለ ምን ፋይናንስን መረጥህ?» ለሚለው ጥያቄ፥ ባንኩ ለማን አበድሮ ለማን እንደ ነፈገ በዓይኑ ያየ ሰው፥ ከመጽሐፍ ያልቀዳው የራሱ መልስ ይኖረዋል። እንግዲህ ዘንድሮ ላለማመልከት መወሰን ስንፍና የሚመስለው ሁሉ ይህን ቢመዝን መልካም ነው።

ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ባጭሩ፦ በመዓርግ የገነኑትን ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ገጽ በገጽ ያረሙላችሁን መምህር ለምኑ፤ «ካስተማሯቸው መካከል ከየትኛው ረድፍ ያኖሩኛል?» ብላችሁም በአክብሮት ጠይቋቸው። መልስ ለመስጠት ከዘገዩ፥ ቅር ሳትሰኙ ደብዳቤውን ከሌላ መምህር ፈልጉ።