እስራቱ ሲያበቃ ጥማቱስ?

ሰክሮ የሰው ራስ በዱላ የፈነከተ ሰው ጥፋቱ የማን ነው? የራሱ ወይስ የአረቄው? ዱርቤቴ ላይ ይህን ብትጠይቁ መልሱ ፈጣን ነው፤ «ማን ጠጣ አለው?» ይሏችኋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በገዛ እጁ ራሱን ያሰከረ ሰው «አላወቅሁም ነበር» ስላለ በቀላሉ አያሰናብተውም። በዚህ አልከራከርም።

ክርክሬ ከፍርዱ በኋላ ስላለው ነው። ያው ሕግ ገና በአንቀጽ 1 ላይ ቅጣት አጥፊውን ማስፈራሪያና ለሌላው መማሪያ ብቻ ሳይሆን መታረሚያም ጭምር መሆኑን ይናገራል። ወህኒ ቤቱ «ማረሚያ ቤት» መባሉም ለዚሁ ይመስለኛል። እንግዲህ ሱሰኛውን እናርማለን ካልን የምናርመው ምኑን ነው? እጁን ወይስ ጥማቱን?

ሁለት ሦስት ዓመት በግድ ሳይጠጣ የቆየ ሰው ድኗል ማለት አይቻልም። ተፈትቶ ሲመለስ ደቡብ አቸፈር ያው ደቡብ አቸፈር ነው፤ ዳጉሳው ይታጨዳል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ አረቄው ይወጣል። አረቄ የምታወጣዋ እናት ለልጆቿ ደብተር የምትገዛው በዚያው ገንዘብ ነውና «ይዘጋ» ማለት ለተናጋሪው ብቻ ይቀላል። እርግጥ ነው፣ ፍርድ ቤት አጥፊውን ለወንጀሉ ምክንያት ከሆነው መጠጥ ቤት እንዳይደርስ ሊያግደው ይችላል። ነገር ግን የጎረቤቱም፣ የዘመዱም፣ የማኅበርተኛውም ቤት መጠጥ ባለበት አገር ሰውየው የት ይዋል? ሠርግ አይጠራ? ማኅበር አይጠጣ?

በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ማያሚ ውስጥ የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞችን በዳኛ ክትትል ወደ ሕክምና የሚልክ ችሎት ተቋቋመ፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ምርመራ፣ ዳግም የሚያጠፉት ከመቶ 50 ከነበሩ በእንዲህ ያለው ችሎት ወደ 38 ገደማ እንደሚወርዱ ገምቷል። ደጋፊ 12ቱን ይቆጥራል፣ ተቃዋሚ 38ቱን። (ፈቃደኛውና ተስፋ ያለው ተመርጦ ከገባ ቁጥሩ እንደሚያምር መዘንጋት የለበትም።) እስር ቤት ውስጥ የተጀመረ ሕክምና ከበሩ ውጭ ካልቀጠለ ፍሬው እንደሚሳሳም ታይቷል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የንስሐ አባት ኑዛዜ ሰምቶ ብቻ ዝም አይልም፤ ቀኖና ይሰጣል፣ ቤት ድረስ እየመጣ ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ማንንም ሳይነካ ጉበቱን የሚያቃጥለው ምስኪን ጠበል ለጠበል ሲንከራተት፣ ራስ የፈነከተው በመንግሥት ወጪ ይታከም? ለመታከም መፈንከት ሊያስፈልግ ነው? ፍትሕ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ሁለቱም ይታከሙ እላለሁ። አንዱን ብቻ ማከም የምንችል ከሆነ ግን ወደ ፈንካቹ አደላለሁ፤ ተፈትቶ በሚገባበት ቤት ሚስቱና ልጆቹ አሉና።