የጣሉት ዕቃ

ሰው የማይረባውን ዕቃ ከጣለ በኋላ ኀላፊነቱ ያበቃልን? በሌላ ሰፈር ቢሆን ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በቆሼ ግን የተጣለውን ሁሉ የሚያነሣው አለ።

እዚያ ብረት ይለቅሙ ከነበሩት ልጆች አንዱ ያመጣልኝን አሮጌ የብረት መሳያ መኪና ገዝቼ ሳድስ ሰነበትሁ። ዝገቱን ጠረግሁ፤ ኩሽኔታውን ለወጥሁ፤ ዲናሞውም በአዲስ ሽቦ ተጠመጠመ። ያስቸገረኝ ድንጋዩ ነው። የመሳያ ድንጋይ አንጠልጥለው በእንጨት መታ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል። የእኔው የታፈነ ነበር። ከባለ ሁለት ዋልታ ዲናሞ ዘንግ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ድንጋይ በአገራችን መብራት በደቂቃ ወደ 3000 ጊዜ ይዞራል፤ በዚያ ፍጥነት ቢፈነዳ ፊቱ የቆመውን ሠራተኛ ምን እንደሚያደርገው፥ ወጣት ወዳጄ፥ አንተው ገምት።

ልጁ ግን «ጋሼ፥ ካልፈለጉት ይመልሱልኝ፤ ገዢ አላጣም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለእሱ ራቱ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው በገደለበት ሰፈር ስለ ጥንቃቄ መስበኩም አሳፈረኝ፤ እነዚያን የቀበራቸው እኛ የከተማው ሰዎች ጥለን የረሳነው ነውና።

አስቀድሜ የገዛሁትን ድንጋይ ዋጋ ዳግመኛ ከፈልሁትና በመዶሻ አደቀቅሁት።

«ገንዘብ ከፍሎ መስበር!» ብሎ ሳቀብኝ። ከስብርባሪው ግን አንዲት ቁራጭ ለቢላዋ መሳያ ብሎ ኪሱ ከተተ፤ አልከለከልሁትም።