ከከበሮው ጀምሩልን

ጥፋቴን ቀድሜ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተለያየ ሃይማኖት ተከታዮች በተሰባሰቡበት አንድ ጉባኤ ላይ የመድረክ መሪ ነበርኩ። ጠዋቱ እንደተለመደው በንግግር አለቀ። ለከሰዓቱ «መንፈሳዊና ባህላዊ ትርኢት» የሚል መርሐ ግብር ተይዟል። የቤተ ክርስቲያን ወረብ፣ መንዙማ፣ የመዘምራን ቡድን፣ የባህል ውዝዋዜ፤ ለእያንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ። መርሐ ግብሩን ያወጣው ኮሚቴው ነው። ደቂቃውን የሸነሸንኩት ግን እኔ ነኝ።

ከመድረኩ ጀርባ አንድ ሸበቶ መሪጌታ ደቀ መዛሙርታቸውን ይዘው ቆመዋል። ጠጋ ብዬ «አባታችን፣ እንዴት ነው የሚያቀርቡት?» አልኳቸው። አስረዱኝ። መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል። ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ረጋ ብለው፣ ኋላ ፈጠን እያሉ። ሽብሸባውና ጭብጨባው መጨረሻ ላይ ነው።

ሰዓቴን አየሁ። «አባታችን፣ ጊዜ የለንም። ከከበሮው ይጀምሩልን» አልኩ።

መሪጌታው ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና «ከመጨረሻው ጀምር ነው የምትለኝ፣ ልጄ?» አሉ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም። የታዘዙትን አደረጉ።

ምን ልበላችሁ፣ አዳራሹ ተነቃነቀ። ሰው ከወንበሩ ተነሣ፤ ካሜራው ተንጫጫ፤ ያፏጨም አልጠፋ። ሲያበቁ ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። መሪጌታው ግን እንደ ዘፋኝ እጅ አልነሡም። ጭብጨባውን ምን እንደሚያደርጉት የቸገራቸው ይመስሉ ነበር። ፊታቸውን አማተቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አቡነ ዘበሰማያት» ጀመሩ። ያን ጊዜ እኔ ምን አደረግሁ? ማይክሮፎኑን አፌ ላይ ደቅኜ «እናመሰግናለን! አንድ ጊዜ ደግመን እናጨብጭብላቸው!» አልኩ። በጸሎታቸው ላይ። ያውም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ተጠምቄ ያደግሁት ሰውዬ።

ተረኛው የመንዙማ አባት ነበሩ፤ ከወሎ የመጡ ሸምገል ያሉ ሼኽ። ከጎናቸው ድቤ የያዘ ወጣት ተቀምጧል። አዳራሹን ቃኘት አደረጉና «ተቀባይ የት አለ?» አሉ። ለካ አዘጋጆቹ ወጪ ለመቀነስ «ሁለት ሰው ይበቃል» ብለዋቸው ኖሯል። መንዙማ ደግሞ አንዱ ሲያወጣ ብዙው የሚቀበለው ነው፤ ያለ ተቀባይ ክንፉ የተሰበረ ወፍ ነው። ሼኹ ዘዴ አላጡም። አዝማቹን ለተሰብሳቢው ሁለት ሦስት ጊዜ አሉለትና «በሉ ተቀበሉኝ» አሉ።

የአዳራሹ እኩሌታ ተቀበለ። እኩሌታው እርስ በርሱ ተያየ። ከፊት ወንበር ነጠላዋን ያጣፋች ሴትዮ ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። የጥላቻ ፊት አልነበረም፤ የተቸገረ ሰው ፊት ነበር። እኔም እዚያው መድረክ ጥግ ቆሜ፣ ቀኑን ሙሉ የቀባጠርኩት ሁሉ ጠፍቶኝ፣ የሴትዮዋን ጭንቀት አሰብኩ። ይሄ ነገር ዘፈን ከሆነ አዝማች መቀበል ምን ነውር አለው? ጸሎት ከሆነ ደግሞ ዝም ማለቷ ትክክል ነው፤ የሌላውን ጸሎት ለይሉኝታ አይጸልዩምና። ታዲያ የትኛው ነው?

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የሃይማኖት ዜማን መድረክ ላይ ስናወጣው ሁላችንም አብረን ልናየው የምንችለው ጸሎትነቱን ስለምንዘነጋው ነው። ብናስታውሰው አንዳችን ተሳታፊ፣ ሌላችን እንግዳ እንሆናለን። ይህን ልዩነት ስለምንፈራ «ትርኢት» የሚል ስም እንሰጠውና ሁላችንንም በእኩል ተመልካች እናደርጋለን። ለመቀራረብ ብለን የምንከፍለው ዋጋ የተገናኘንበትን ነገር ራሱን ይሆናል ማለት ነው።

ጭብጨባን ውሰዱ። በማኅሌት ጭብጨባ አለ፤ በመንዙማም አለ። በሁለቱም ቦታ እጅ የሚመታው ከዜማው ጋር ነው፤ አጨብጫቢው ራሱ ከምስጋናው ውስጥ ነው ያለው። የአዳራሹ ጭብጨባ ግን ዜማው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ነው፤ «ጥሩ ሠርታችኋል» የሚል ማርክ። ያው እጅ፣ ያው ድምፅ። ሆኖም ድጓውን ከቤተልሔም፣ አቋቋሙን ከጎንደር ለመማር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ፈጣሪውን ሲያመሰግን ማርክ የምንሰጠው እኛ ማን ነን?

ደግሞም መድረክ ለሁሉም እኩል አይደለም። በዚያን ቀን በጣም የተመቻቸው የወንጌላውያኑ መዘምራን ነበሩ። ኪቦርዱ፣ ማይክሮፎኑ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ጉባኤ ሳምንት ሳምንት የሚያውቁት ነገር ነው። ይህ የእነርሱ ጥፋት አይደለም። አንድ ሌሊት የሚፈጅ ማኅሌትና እስኪነጋ የሚዘልቅ ሐድራ ግን አሥር ደቂቃ ውስጥ ግባ ሲባል የሚገባው ቆዳው ብቻ ነው። እኛም ቆዳውን አይተን «የሁሉንም ሃይማኖት አየን» ብለን ወደየቤታችን ሄድን።

«ታዲያ ሁሉም በየአጥሩ ውስጥ ይቅር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በዚያው ቀን አንድ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ወጣት «መንዙማ በዚህ ቅርበት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» ብሎኛል፤ ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር። በየአጥራችን ብንቀር የምንተዋወቀው በሐሜት ብቻ ነው። ደግሞስ ቅዱሱ ነገር መቼ ከአጥር ሳይወጣ ቀርቶ ያውቃል? በጥምቀት ታቦቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርድ መንገዱ የሁሉም ነው፤ ሙስሊሙም ቱሪስቱም ዳር ቆሞ ያያል። ልዩነቱ እዚያ ሕዝቡ ሥርዓቱን ይከተላል እንጂ ሥርዓቱ የሕዝቡን ሰዓት አይከተልም። «ጊዜ የለንም፣ ከከበሮው ጀምሩልን» የሚል የእኔ ቢጤ የለም።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በቱርክ የመውለዊ ሱፊዎች ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ ተዘጉ። የሚሽከረከሩበት «ሰማ» ዳግም በአደባባይ የታየው በ1950ዎቹ ኮንያ ውስጥ በመታሰቢያ ዝግጅት ስም ነው። መድረኩ ሥርዓቱን ከመጥፋት አተረፈው፤ በዚያው ልክ የቱሪስት ትርኢት እንዲሆን በር ከፈተ። ዛሬም አንዳንድ ቦታ ተመልካቹ እንዳያጨበጭብ ይጠየቃል። ያቺ ትንሽ ማስታወቂያ ብዙ ትናገራለች፦ «ታዩ ዘንድ ተፈቅዶላችኋል፤ የሚደረገው ግን ለእናንተ አይደለም» ማለት ናት።

ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 የዓለምን የሃይማኖት መሪዎች አሲዚ ላይ ሲሰበስቡም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የተገኘው መላ አንድ ላይ መጸለይ ሳይሆን ለመጸለይ አንድ ላይ መገኘት ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ በየተሰጠው ቦታ በየሥርዓቱ ጸለየ፤ ከዚያም ተገናኝተው አንዱ በተራው ሲጸልይ ሌላው ዝም ብሎ አደመጠ። የዚያን ጊዜም የተቃወመ ብዙ ነበር። ሐሳቡ ግን እኔ ከሸነሸንኳቸው አሥር ደቂቃዎች ይሻላል።

ለነገሩ አሲዚ ድረስ ምን አስኬደን? በእኛ አገር ሠርግ ሲደገስ ሙስሊም ጎረቤት ካለ ሥጋው ለብቻ ይታረዳል፤ ክርስቲያን ጎረቤት ካለም እንዲሁ። ድንኳኑ አንድ ነው፤ ደስታው አንድ ነው፤ ድስቱ ግን ሁለት ነው። «ምን ልዩነት አለው፣ ከዚሁ ብላ» የሚል ደጋሽ ባለጌ ይባላል። ለቅሶም ላይ እንደዚያው ነው። ሙስሊሙ የክርስቲያን ጎረቤቱን አስከሬን አጅቦ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ፣ ውስጥ ያለው ሥርዓት እስኪያልቅ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። አይገባም፤ አይሄድምም። ያ ደጅ ላይ መቆም ከአንድ አዳራሽ ጭብጨባ ይበልጣል። ጸሎቱን የራሱ አላደረገውም፤ ሐዘኑን ግን የራሱ አድርጎታል።

እንግዳ መሆን ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። ያቺ ነጠላ ያጣፋች ሴትዮ ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ሰምታለች። ሼኹም ዝምታዋን እንደ ስድብ አልቆጠሩትም፤ እንዲያውም ሲወርዱ ወደ እርሷ አቅጣጫ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለፉ። በዚያን ቀን በሃይማኖቶች መካከል ተደረገ የምለው ውይይት ይህ ብቻ ነበር። እሱም በፕሮግራሙ ላይ አልተጻፈም።

እናም ለሚቀጥለው ጉባኤ አዘጋጆች፣ ለራሴም ጭምር፣ የምለው አጭር ነው። ሰባት ነገር ከምታሳዩን ሁለቱን ከነሥርዓቱ አሰሙን። ከመጀመራቸው በፊት ምን እንደምንሰማ፣ ለማን እንደሚባልም ንገሩን። ለሼኹ ተቀባዮቻቸውን አምጡላቸው፤ ወጪው ከአንድ ቀን የሻይ ዕረፍት አይበልጥም። የሚቀበል ይቀበል፤ ዝም የሚል ዝም ይበል። ካለቀ በኋላም ሳናጨበጭብ ትንሽ እንቀመጥ። ዝምታው ይከብደናል፤ ይክበደን።

መሪጌታውን በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። «ምንም አይደል ልጄ» አሉና «ለበዓሉ ማኅሌት ና» አሉኝ። ሄድኩ። ቁም ዜማው ማለቂያ የለው መሰለኝ፤ እግሬ ዛለ፤ እንቅልፌ መጣ፤ ሦስት ጊዜ ሰዓቴን አየሁ። ከበሮው የገባው ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ገባኝ፤ ያልጠበቀው ሰው ምን እንደሆነ ሊያውቀው አይችልም።

የሼኹን ጥያቄ ግን እስካሁን አልመለስኩም። «ተቀባይ የት አለ?»