ላስቲኩ፣ ልብሱና የዋናተኛው ድል

ዋናተኞች በየልምምዱ የሚጠቀሙበት ተለጣጭ ላስቲክ ወደ ውድድር አይገባም። የዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ሕግ በውድድር ላይ ፍጥነትን፣ ተንሳፋፊነትን ወይም ጽናትን የሚጨምር መሣሪያ መጠቀምን ይከለክላል። በልምምድ የተመሰገነ እርዳታ በውድድር ነውር የሚሆንበት ምክንያት የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ አንድ ድል የአሸናፊው የራሱ ነው የሚባለው መቼ ነው?

ላስቲኩ ጡንቻን የሚያሠራው በመቃወም ነው። ዋናተኛው ላስቲኩን በደረቱ ከፍታ ከምሰሶ ጋር አስሮ፣ ከወገቡ ጎንበስ ይልና ክርኑን ከመዳፉ ከፍ አድርጎ ወደ ጭኑ ይስባል። ላስቲኩ በተለጠጠ ቁጥር ስለሚጠነክር መጨረሻው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ሲመለስም እጁን እንዳይነጥቀው ቀስ ብሎ መልቀቅ አለበት። በሌላው ልምምድ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ ክንዱን ወደ ውጭ ያዞራል። ዋና ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩ ጡንቻዎችን አብዝቶ ስለሚያሠራ፣ ተቃራኒዎቹን ማጠንከር ትከሻን ከጉዳት ለመጠበቅ ይረዳል። ላስቲኩ ከምሰሶው ሲፈታ የተገኘው ብርታት ከዋናተኛው ጋር ይቀራል።

ያው ላስቲክ በተቃራኒውም ያገለግላል። ወገቡ ላይ ታስሮ ከገንዳው ማዶ ሲስበው ዋናተኛው በራሱ ጉልበት ከማይደርስበት ፍጥነት ይደርሳል። ይህም የተፈቀደ ልምምድ ነው፤ ሰውነት ፈጣን እንቅስቃሴን እንዲለምድ ያደርጋል እንጂ በዚያ ፍጥነት የተገኘው ሰዓት ለማንም አይመዘገብም። ስለዚህ መሣሪያው መርዳቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም።

ድንበሩ በግልጽ የታየው በዋና ልብስ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሮም በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ብዙዎቹ ዋናተኞች የለበሱት ፖሊዩሬቴን የተባለ ፕላስቲክ ያለበት ልብስ ሰውነትን አጥብቆ የሚይዝና በውሃ ላይ ከፍ የሚያደርግ ነበር። ጀርመናዊው ፖል ቢደርማን እንዲህ ያለ ልብስ ለብሶ ማይክል ፌልፕስን በ200 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሲያሸንፍ፣ ክርክሩ ስለ ሰውየው መሆኑ ቀርቶ ስለ ልብሱ ሆነ። ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ ልብሱ ከጨርቅ ብቻ እንዲሠራ፣ የወንዶቹም ከወገብ እስከ ጉልበት እንዲወሰን ተደነገገ። ልብሱ ሲወልቅ ጥቅሙም አብሮ ይወልቃል፤ ከላስቲኩ የሚለየውም በዚህ ነው።

አርስቶትል ሰው ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት፣ ጻድቅም የሚሆነው የጽድቅን ሥራ በመሥራት ነው ብሎ አስተምሯል። መልካም ጠባይ በተደጋጋሚ ሥራ የሚገነባ ንብረት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 የተወዳዳሪዎችን ራስን መግዛት ለመንፈሳዊ ተጋድሎ አብነት አድርጎ አቅርቧል። ሌላው በጾመው ጾም ሥጋን መግዛት እንደማይቻል ሁሉ፣ በልምምድ የሚገኝ ብርታትም በውሰት አይገኝም።

እርግጥ ነው፣ ይህ መለኪያ ፍጹም እኩልነትን አያመጣም። ጥሩ ገንዳ፣ በቂ ምግብና ጎበዝ አሰልጣኝ ያለው ዋናተኛ ቀድሞ ይጀምራል፤ ያንን ማስተካከል የመንግሥታትና የፌዴሬሽኖች ኃላፊነት ነው። ሆኖም የተሻለ ዕድል ያገኘውም ቢሆን ላስቲኩን ራሱ መሳብ አለበት። ሰውን አድክሞ የሚያበረታ መሣሪያ ድሉን የራሱ ያደርግለታል፤ በእሱ ፈንታ የሚሠራ መሣሪያ ግን ድሉን ይቀማዋል።