የዕረፍት ዕዳ

ሰው ከድካሙ ሲያርፍ የዕረፍቱን ሸክም የሚሸከምለት ማን ነው? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በአንድ ቤተሰብ የጥቂት ቀናት ሽርሽር ላይ እንኳ በቅንነት ቢነሣ፣ ኅብረተሰብ ስለ ሥራ፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሰው ልጅ ክብር የሚናገረውን ሁሉ የሚፈትን ሆኖ ይገኛል።

የአማርኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ የራሱ ምስክርነት አለው። «ዐረፈ» ማለት ሥራውን አቁሞ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ሞተ ማለትም ነው። በአንድ ቃል ውስጥ የተሰነቀው ይህ ድርብ ትርጉም በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። በጮቄ ተራራ ግርጌ ጤፍና ስንዴ ሲዘራ፣ ሲያርምና ሲያጭድ ዕድሜውን ለገፋ ገበሬ፣ ወፍጮና ምድጃ ላይ ለኖረች ሚስቱም፣ ዕረፍት ከመቃብር ወዲህ እምብዛም የማይታወቅ ነገር ነበር። ስለሆነም ቀብር መልስ ላይ «ዐረፈች» ተብሎ ሲነገር የሐዘን ብቻ ሳይሆን የእፎይታ ድምፅም ይሰማበታል። ሕዝብ ዕረፍትን ከሞት ጋር በአንድ ቃል የሚጠራ ከሆነ፣ በሕይወት ሳለ ዕረፍት ምን ያህል እንደተነፈገው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በሌላው የዓለም ጫፍ ደግሞ ዕረፍት ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ከሆነ ሰንብቷል። እ.ኤ.አ. በ1891 አልበርት ባሊን የተባለው የጀርመን የመርከብ ድርጅት ኃላፊ፣ በክረምት ብርድ ሳቢያ መንገደኛ ያጣችውን «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለች መርከብ ሥራ ከምትፈታ ብሎ ሀብታም መንገደኞችን አሳፍሮ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ላካት። ከዚያ በፊት ሰው በመርከብ የሚሳፈረው በአመዛኙ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ለመድረስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጉዞው ራሱ ሸቀጥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 «ዲዝኒ ማጂክ» የተባለችው መርከብ ሥራ ስትጀምር ነገሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ መርከቢቱ በሙሉ የልጆች ተረት መድረክ ሆነች። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው «አይከን ኦቭ ዘ ሲዝ» 365 ሜትር ርዝመት፣ 20 ፎቅ ያላት ስትሆን እስከ 7,600 የሚደርሱ ተሳፋሪዎችንና 2,350 ያህል ሠራተኞችን ትይዛለች። አንዲት አነስተኛ የወረዳ ከተማ ከነነዋሪዎቿ ተነሥታ በውሃ ላይ ስትሄድ ማለት ነው።

በእንዲህ ያለው ባለ ጭብጥ መርከብ ላይ የሚሳፈር ቤተሰብ ከቤቱ ድካም ወጥቶ ወደ ተዘጋጀለት ተረት ይገባል። አባት የወር ደመወዙን፣ እናት የቤቷን ጣጣ ይረሳሉ፤ ልጆች በመጻሕፍት ያነበቧቸውን ገጸ ባሕርያት በአካል ጨብጠው ይስቃሉ። ይህን ደስታ በጅምላ መናቅ ተገቢ አይደለም። የሕፃን ሳቅ በገንዘብ ስለተገዛ ብቻ ሐሰተኛ አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ እርስ በርሱ ለመተያየት ጊዜ ያጣ ቤተሰብ ሳምንት ሙሉ በአንድ ማዕድ ቢቀመጥ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ጥያቄው ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ይጀምራል። ቴአትር የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ መድረኩ የሚያምረው ገመድ የሚጎትተውና መብራት የሚያበራው ሰው ስለማይታይ ነው። በእነዚህ መርከቦችም ሠራተኞች የሚመላለሱበት መተላለፊያና የሚያድሩበት ክፍል ከተሳፋሪው ዓይን የራቀ ነው። አንሶላ የሚያነጥፉት፣ ሳህን የሚያጥቡትና ወለል የሚወለውሉት በብዛት ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከህንድ የመጡ ሠርቶ አደሮች ሲሆኑ፣ ለወራት ከልጆቻቸው ተለይተው የሌላውን ልጆች ያስደስታሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አንድ መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ማረፍ እንዳለበት ይደነግጋል። የዕረፍት መርከብ ላይ ለሚሠራ ሰው ዕረፍት በሕግ መጠበቅ ማስፈለጉ የነገሩን ቅራኔ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ኢትዮጵያም ባሕር ባይኖራትም ከዚህ ዓለም የራቀች አይደለችም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ተቋቁሞ በቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ሥራውን የጀመረው የማሪታይም ማሠልጠኛ ያፈራቸው ወጣቶች በውጭ መርከቦች ላይ ተቀጥረው ውቅያኖስ ያቋርጣሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የታሪክ ምሳሌዎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1933 የናዚ መንግሥት የጀርመንን የሠራተኛ ማኅበራት አፍርሶ ንብረታቸውን ከወረሰ በኋላ፣ በዚያው ዓመት «ብርታት በደስታ» የሚል የመዝናኛ ድርጅት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1938 ለዚህ ድርጅት የተሠራችው «ቪልሄልም ጉስትሎፍ» የተባለች መርከብ የመደብ ልዩነት የሌለባት ተብላ ለሠራተኛው ቀረበች። ሠራተኛው በእርግጥ ባሕር አየ፤ ግን ድምፁን ተነጥቆ ነበር። ጭብጡም መዝናናት አልነበረም፤ መታዘዝ ነበር። ያችው መርከብ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1945 ዓ.ም. ስደተኞችን እንዳሳፈረች በባልቲክ ባሕር ሰጥማ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በአንፃሩ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ፋብሪካዎችን ከያዙ በኋላ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዓመታዊ ዕረፍት በሕግ ተረጋገጠላቸው። ሁለቱም ሠራተኞች አረፉ። ነገር ግን አንዱ ዕረፍትን በመብት ምትክ ተቀበለ፤ ሌላው መብት አድርጎ አገኘው። ችሮታ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይነጠቃል፤ መብት ግን ጠያቂና ጠባቂ አለው። ሕዝብን «ላዝናናህ» የሚል ሁሉ፣ በቅድሚያ «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠይቆ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ፣ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት አለው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው በእርሻ ነውና ይህ ሕግ አይደርስበትም። ገበሬው የሚያርፈው በሰንበትና በየወሩ በሚውሉ በዓላት ነው። የበዓላት ብዛት ሥራን ይጎዳል የሚል ክርክር በተለያየ ዘመን ተነሥቷል። ክርክሩ የዘነጋው አንድ ነገር ቢኖር፣ በዓል ለገበሬው ብቻ ሳይሆን ለበሬውም ዕረፍት መሆኑን ነው። ጌታው አርፎ በሬው የሚጠመድበት ሰንበት የለም። ይህ ጥልቅ ፍልስፍና ነው።

ነገር ግን አባቶች ያቆዩትን ማወደስ ብቻ ሐቁን መሸፈን ይሆናል። በሬው ባረፈበት ቀን ያላረፈች ሰው በቤት ውስጥ አለች። ጠላው የተጠመቀው፣ እንጀራው የተጋገረው፣ ዶሮው የተገነጠለው በማን እጅ ነው? ወንዱ ለበዓል ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ሲቀመጥ የሴቲቱ ሥራ በእጥፍ ይጨምራል። በዚህ መመዘኛ ሲታይ የጎጃም ጎጆና የውቅያኖሱ መርከብ ያን ያህል አይራራቁም። በሁለቱም ቤት መጋረጃ አለ፤ በሁለቱም መጋረጃ ጀርባ የሚደክም ሰው አለ።

አንድ ምሳሌ እንዲቀርብ ያህል፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ መምህር ቤተሰቡን ይዞ በጥር ወር፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ጣናን ሊያሳይ ተነሣ ይባል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫቸው ያደረጉት የቀድሞው መንቆረር፣ የዛሬው ደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ የሚያልፈው መንገድ ረጅም ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደተባለው፣ በጎጃም ተወልደው ጎጃም ያረጁት የመምህሩ እናት ጣናን አይተው አያውቁም። ሚስቱ ሌሊት ተነሥታ ዳቦ ደፍታለች፤ ቆሎ ቆልታለች፤ የልጆቹን ልብስ ተኩሳለች። መምህሩ ደግሞ ለልጆቹ ስለ ሐይቁ ያስረዳል፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሰፋ፣ በደሴቶቹ ላይ ጥንታዊ ገዳማት እንዳሉ፣ ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ እንዳሠሩት ይነግራቸዋል።

በጀልባዋ ላይ አራት ዓይነት ጉዞ ተሳፍሯል። ለአያት ጉዞው ሥለት ነው። ለአባት ትምህርት ነው። ለልጆች ጨዋታ ነው። ለእናት ግን ሥራ ነው፤ አገልግሉን ትፈታለች፤ ትንሹን ልጅ ከውሃው ትጠብቃለች፤ ለሁሉም ታጎርሳለች። ባለ ጀልባው አምስተኛ ነው፤ ለእርሱ የዕለት እንጀራው ነው። ሰው ያዘጋጀው ጭብጥ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ሁሉም ተሳፋሪ በአንድ ተረት ውስጥ እንደማይኖር ከዚህ ይታያል።

ጀልባዋ ክብራን ገብርኤል ስትደርስ አባትና ወንድ ልጁ ይወርዳሉ። ገዳሙ በጥንታዊ ሥርዓቱ ሴት አያስገባምና አያት፣ እናትና ሴት ልጅ በጀልባዋ ይቀራሉ። አያት ከተቀመጡበት ሆነው ወደ ደሴቱ እጅ ይነሣሉ፤ ለእርሳቸው ከሩቅ መሳለምም መሳለም ነው። ልጅቱ ግን «እማ፣ እኛ ምን ልናይ መጣን?» ብላ ትጠይቃለች። እናት መልስ የላትም። ባለ ጀልባው ዝም ብሎ ውሃውን ያያል። የገዳሙ ሥርዓት ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው፤ ሥርዓቱን አክብረው የሚኖሩ አሉና። የልጅቱ ጥያቄ የሚመለከተው አባቷን ነው። ሴቶችም የሚገቡበት፣ በቡና ደን መካከል ያለው የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከነግድግዳ ሥዕሉ ብዙም ሳይርቅ ሳለ፣ የጉዞውን ዕቅድ ሲያወጣ ማንን ጠየቀ? መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ደመወዙን ቆጥቦ ቤተሰቡን ያስደሰተ መስሎት የራሱን ምኞት የሁሉም ምኞት አድርጎ ቆጠረ እንጂ። በትንሽ ጀልባ ላይ የሆነው ይህ ስሕተት በትልልቅ መርከቦችም፣ በአገር ላይም ሲፈጸም ታይቷል።

በሐይቁ ላይ ደግሞ የደንገል ታንኳዎች ያልፋሉ። ጎብኚው ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል። ታንኳ በማሰር ጥበቡ የታወቀው የወይጦ ማኅበረሰብ ግን ለዘመናት በጎረቤቶቹ ተንቆ የኖረ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ብዙ ሳይቆይ በሌላ ይተካል፤ የአሳሪው እጅም አያርፍም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ይህን ኑሮ አጥብቦታል። በጎብኚው ዓይን ውብ ሥዕል የሆነው ታንኳ ለባለቤቱ ዓሣ፣ እንጨትና የልጆች ራት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ወደ ጣና የተጓዘችው «ጣና ነሽ ሁለት» ለሐይቁ መጓጓዣና ለቱሪዝም ተስፋ ተጥሎባታል። ተስፋው እውነተኛ የሚሆነው ግን ታንኳ አሳሪው ከመርከቧ መምጣት ምን እንዳገኘ ሲጠየቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ መንገድ ሰላም መሆን አለበት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ በየጊዜው ዘግቷል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችንም አዘግቷል። ያለ ፈቃዱ ሥራ ፈትቶ ቤቱ የተቀመጠ መምህር አረፈ አይባልም። ዕረፍት ከሥራ መራቅ ብቻ አለመሆኑ፣ ነገን ሳይፈሩ መተኛት መሆኑም የታወቀው በእንዲህ ያለው ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። «የእያንዳንዱን ደስታ ዕዳ የሚቆጥር ሰው መቼም አይደሰትም፤ የጀልባው ባለቤትስ እንግዳ ባይመጣ ምን ይበላል?» የሚል ነው። ሐሳቡ እውነት አለው። የመርከቡ አስተናጋጅም ሆነ ባለ ጀልባው የሚፈልጉት ሥራ እንጂ የተሳፋሪውን ሐዘን አይደለም። ዕዳን ማወቅ ግን ደስታን መተው አይደለም፤ መክፈል ነው። ክፍያውም በገንዘብ ብቻ አያበቃም። የሚያስተናግደው ሰው የሚያርፍበት ቀን አለው ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ተገቢውን ዋጋ ሳያስለፉ መስጠት፣ ከመነሣት በፊት ከቤተሰቡ ጋር መመካከር፣ ሲመለሱም ሥራውን መካፈል ነው። ዕረፍት ፍትሐዊ የሚሆነው ተራ ሲኖረው ነው።

በዚህ ረገድ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ባለሙያው ድርሻ ቀላል አይደለም። የሕዝብ አስተባባሪውም ቢሆን በዓል ሲያደራጅ፣ ሰልፍና ትርኢት ሲያዘጋጅ፣ መድረኩን ብቻ ሳይሆን ድንኳኑን የሚተክለውንና ወጡን የምትሠራውን ሊያስብ ይገባል። ጥበብ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ሰው ወደ መድረኩ ብርሃን ካላመጣች፣ እርሷም የሽርሽር መርከብ ከመሆን አታልፍም።

ያ ቤተሰብ በሦስተኛው ቀን ማታ ደብረ ማርቆስ ገባ። ከቾቄ የሚወርደው ብርድ ከተማዋን ይዟታል። እናት እንደ ልማዷ ነጠላዋን አገልድማ ወደ ማድ ቤት አመራች። ልጅቱ ቀድማ ገብታ ከሰሉን አያያዘች። አባት ለጥቂት ጊዜ በረንዳው ላይ ቆመ፤ ከዚያም ገብቶ «አንቺ ተቀመጪ፤ ቡናውን ዛሬ እኛ እናፈላለን» አለ። ቡናው ሲቆላ ጥቂት አረረ። አያት ከመደባቸው ላይ ሆነው ሳቁ፤ እናትም የመጀመሪያውን ስኒ ተቀምጣ ጠጣች።