ያላለቀሰው ልጅ

የእህቴ ልጅ ከደረጃ ላይ የወደቀ ዕለት ማንም አላየውም። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት፤ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። አላለቀሰም፤ ወደ እናቱም አልሮጠም። እህቴ የጠረጠረችው በማግስቱ ምሳ ላይ ነው። እንጀራውን በግራ እጁ ይቆርሳል፤ ቀኙ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። ብታነሳው አንጓው አብጧል። ልጁ ፊቱን እንኳ አላኮማተረም፤ ብቻ አፉን ሳይከፍት ማንጎራጎር ጀመረ።

የሄዱበት ክሊኒክ ባለሙያ እጁን አገላብጦ አየና «ቢሰበርማ መች እንዲህ ዝም ይል ነበር? ወለምታ ነው» አለ። እህቴ ራጅ ካልተነሳ ብላ ሙጭጭ አለች። አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ይኸው ልጅ ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ሲቆረጥ የመጋዙን ድምፅ ሰምቶ ግቢው እስኪናወጥ ጮኸ። መጋዙ ገና ቆዳው አጠገብ አልደረሰም ነበር።

ባለሙያው የተናገረው ብዙዎቻችን የምናምነውን ነው። ያመመው ያለቅሳል፤ ያላለቀሰ አላመመውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረታችንም ሕመም የሚሰወረው በባለቤቱ ፈቃድ ነው ብሎ ይነሳል። ይህ ልጅ ግን ምን ደበቀ? እጁን አሳርፏል፣ በግራው በልቷል፣ አንጎራጉሯል። ለሚያስተውል ሰው ሁሉም ማዕዱ ላይ ነበር።

ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንስታይን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው «ፍልስፍናዊ ምርመራዎች» ውስጥ ሰው የሕመምን ቃል እንዴት ይማራል ብሎ ይጠይቃል። ልጅ ይጎዳል፣ ያለቅሳል፤ ትልልቆች ያናግሩትና በለቅሶው ቦታ ቃል ይተኩለታል ይላል። በእኛ ቤት ይህ ትምህርት መልክ አለው። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ እናት «እኔን!» ትላለች፤ በአንተ ፋንታ እኔን ያግኘኝ ማለቷ ነው። ያነቀፈውን መሬት ትመታለታለች፣ ጉልበቱን እያሻሸች «የቱ ጋ ነው ያመመህ?» ትለዋለች። ያ የሚለበልበው ነገር ስምና ቦታ እንዳለው፣ የሚካፈለው ሰውም እንዳለ ልጁ የሚያውቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

ያላለቀሰውን ልጅ እዚህ ላይ አስቡት። ስላላለቀሰ «እኔን» የሚለው የለም። «እኔን» ስላልተባለ «አመመኝ» የሚለው ቃል በቦታውና በሰዓቱ አልደረሰውም። ቃሉን ስላላወጣ ደግሞ «እሱ አያመውም» እንላለን፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲወድቅ ዞር ብለን አናየውም። ስሜት የጎደለው እሱ ነው እንላለን እንጂ ትምህርቱን ያጎደልነው እኛ መሆናችንን አናስብም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ከኦቲዝም ምልክቶች መካከል ለሕመም ግድ የለሽ መስሎ መታየት አንዱ ነው። ክብደቱ «መስሎ» በሚለው ቃል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው ልጆችና ወጣቶች ደም ሲቀዳ ተመለከተ። ብዙዎቹ በውጭ ሲታዩ ያመማቸው አይመስሉም፤ የልብ ምታቸው ግን ኦቲዝም ከሌለባቸው ይበልጥ ጨምሯል፣ ሰውነት በሕመምና በጭንቀት ጊዜ የሚያመነጨው ቤታ ኢንዶርፊንም በደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ ነበር።

ሁሉም ሰው ሕመም እኩል ይሰማዋል ማለቴ አይደለም። የተሰበረ አጥንት ችሎ በመጋዝ ድምፅ የሚጮህ ልጅ የእኔን የሕመም መለኪያ አይጠቀምም፤ ምናልባት ለእሱ ድምፁ ከስብራቱ የባሰ ነው። አንዳንዱም ሕመሙ ዘግይቶ ይሰማዋል ወይም የት ቦታ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ስንጠራጠር ማን ይክሰር? ያላመመውን አሞታል ብንል ከአንድ ራጅ ዋጋ አናልፍም። ያመመውን አላመመውም ብንል ግን አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል።

ይህ ስህተት ከዚህ በፊትም ተሠርቷል። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአሜሪካና በብሪታንያ ብዙ አራስ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ነርቫቸው ገና አልበሰለም፣ አይሰማቸውም ይባል ነበር። እንዳይንቀሳቀሱ ጡንቻ የሚያልፈሰፍስ መድኃኒት ስለሚሰጣቸው ማልቀስም አይችሉም ነበር። ዝምታቸውን እኛው ሠርተን እኛው ማስረጃ አደረግነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ መናገር ከሕመም መግለጫ መንገዶች አንዱ ብቻ እንደሆነና መግለጽ አለመቻል ሕመም የለም ማለት እንዳልሆነ አስፍሯል።

እህቴ አሁን ደብተር ይዛለች። ምግብ የተወበትን ቀን፣ ያንጎራጎረበትን ሰዓት፣ ያሳረፈውን እጅና እግር ትጽፋለች። እጁ ድኗል። ሐኪሞች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይዛ የመጣች እናት ስትገጥማችሁ «አለቀሰ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቋት። ከትናንት ወዲህ ምን እንደተለወጠበት ጠይቋት፤ የምትላችሁንም እመኗት።